ከሹዋራ ሰገነት ላይ

የሞሮኮዋ ከተማ ፌዝ የገባነው በጥቅምት አጋማሽ ነው፤ ከካዛብላንካ ተነስተን፣ በራባትና በመክነስ በኩል አራት ሰዓት ያህል በባቡር ተጉዘን። አራት ነበርን። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረን ከወጣን 18 ዓመት ሆኖናል፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ስቶክሆልም፣ እኔ ፍራንክፈርት ተበታትነን ስለምንኖር አራታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር ካደርን ዘመን አልፏል። ጓደኞቼን በተማሪነት ቅጽላቸው ልጥራቸው፦ የእንስሳት ሕክምና ያጠናው ሐኪሙ፣ ልጅነቱን በቤተ ክህነት ያሳለፈው ዲያቆኑ፣ ጁገል ውስጥ ተወልዳ ያደገችው ሐረሬዋ።

ከተማዋን የመረጠችልን ሐረሬዋ ናት። አሮጌው ክፍል፣ ፌዝ ኤል ባሊ፣ መኪና አይገባበትም። እ.ኤ.አ. በ1913 ከተሠራው፣ በውጭ ፊቱ ሰማያዊ በውስጥ ፊቱ አረንጓዴ ከሆነው ባብ ቡ ጅሉድ ከተባለው በር ካለፍን በኋላ ጣላዓ ክቢራ የሚባለውን ቁልቁለት ተያያዝነው። ጭነት የሚያመላልሱት በቅሎና አህያ ናቸው፤ ነጂው ከኋላ «ባላክ! ባላክ!» ሲል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማሳለፍ ነው። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ስለዚህ ሐረሬዋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በሰልፍ ወረድን፤ የፊተኛዋ ያየችውን ለቀጣዩ፣ እሱም ለቀጣዩ እየነገረ እኔ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ አልፎ ነበር። እኔ ግን ድምፃቸውን እንዲህ በአንድ መስመር ስሰማ ከየትኛውም ሕንፃ በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ከአል ቀራዊዪን መስጊድ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ859 ፋጢማ አል ፊህሪ የተባለች ሴት እንዳቆመችው የሚነገርለት፣ በዓለም ከሁሉ የቆየው ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። ሐረሬዋ ለቀትር ሶላት ስትገባ ሦስታችን በሩ ላይ ቆመን በክፍተቱ የግቢውን ፏፏቴ እያየን ጠበቅናት። ስትወጣ ዓይኗ ረጥቦ ነበር። «ለእናቴ ዱዓ አደረግሁ» አለችን። እናቷ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው፤ ማናችንም ለቀብር አልደረስንላትም። ያን ቀን ነገሩን ደፍረን አወራነው።

ከዚያ በኋላ የሰፈሮቹን ስም እየተረጎመችልን ሄድን። ነጃሪን አናጢዎች ማለት ነው። አጣሪን ሽቶና ቅመም ሻጮች። ሰፋሪን መዳብ ቀጥቃጮች፤ እዚያ አደባባይ ላይ አሁንም መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ ሲደወል ይውላል፣ ትልልቅ የመዳብ ድስቶች በሰው ፊት ይሠራሉ። ሰፈሩ የሚጠራው በሠራተኛው ስም ነው። እኔ ዝም አልኩ። የምንሄደው ወዴት እንደሆነ አውቅ ነበርና።

ሹዋራ የሚባለው የቆዳ ማልፊያ የሚታየው በዙሪያው ካሉ የቆዳ ሱቆች ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። ደረጃውን ከመውጣታችን በፊት ባለሱቁ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ዘለላ ናዕናዕ፣ ማለትም ናና ቅጠል ሰጠን፤ ለሽታው አፍንጫ ላይ የሚያዝ ነው። ከላይ ሆኖ ሲያዩት እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ የድንጋይ ገንዳዎች ናቸው። ነጫጮቹ ውስጥ ኖራና የእርግብ ኩስ አለ፤ ኖራው ጠጉሩን ያስለቅቃል፣ ኩሱ ቆዳውን ያለሰልሳል። ቀጥሎ ያሉት ቀይ፣ ቡናማና ቢጫ ቀለም የሞላባቸው ናቸው። ሰዎቹ እስከ ጭናቸው ገንዳው ውስጥ ገብተው ቆዳውን በእግራቸው ይረግጡታል፣ ጎንበስ ብለው ያገላብጡታል፣ ውሃ የጠጣውን ቆዳ ትከሻቸው ላይ ጥለው በገንዳዎቹ ጠርዝ ላይ ይራመዳሉ። ጠርዙ ከአንድ ጫማ ብዙም አይሰፋም። አንድ ሽማግሌ በዚያ ላይ ሸክሙን ይዞ ሲያልፍ እግሩን አላየውም፤ እግሩ መንገዱን ያውቀዋል።

ሐኪሙ ስለ ኖራው ያስረዳን ጀመር። ዲያቆኑ ናዕናዑን ከአፍንጫው አልነቀለም። እኔ ግን የያዝኩትን ሰገነቱ ላይ አስቀመጥኩት። ሽታውን አውቀዋለሁ።

«አያቴ ፋቂ ነበሩ» አልኳቸው።

በዚህ ሁሉ ዓመት ነግሬያቸው አላውቅም። የሐኪሙ ሚዜ ነበርኩ፤ የዲያቆኑን ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም። የእናቴ አባት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቆዳ አልፊ ነበሩ። የአገሩ ሰው የሚተኛበት ጀንዲ፣ እህሉን የሚጭንበት ስልቻ፣ አልጋው የሚወጠርበት ጠፍር፣ በሬው የሚጠመድበት ማነቂያ ከእሳቸው እጅ ይወጣ ነበር። ሴት ልጆቻቸውን ግን የሚያገባ ጠፋ። ልጅ ሲታመም በዓይናቸው በላው ይባል ነበር። እናቴ ከዚያ ወጥታ ከተማ ስትገባ የአባቷን ሙያ «ገበሬ» ብላ አስመዘገበች፤ እኔም ይህንኑ ይዤ አደግሁ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። እናቴ የተወለደችው ከዚያ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ስድቡ ግን ጠብቋታል።

መጀመሪያ የተናገረው ዲያቆኑ ነው። «ዳዊት ስማር መጽሐፌን አንገቴ ላይ የማንጠለጥልበት የቆዳ ማኅደር ነበረኝ» አለ። «ቤተ መቅደስ ይዤው እገባ ነበር። ያን ቆዳ ማን እንዳለፋው አንድ ቀን አልጠየቅሁም።» ከዚያም ናዕናዑን እኔ ካስቀመጥኩት አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ከዚያ በላይም አልፈለግሁም።

ሐረሬዋ ክንዴን ይዛ ወደ ታች እያየች፣ ቆዳ አልፊ በዐረብኛ ደባግ እንደሚባል ነገረችኝ። ደባግ እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ነው። ከፌዝ ከወጡት ታላላቅ ሱፊዎች አንዱ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተወለደው ዓብዱልዓዚዝ አድ ደባግ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። «ሰው ስሙን ለበረከት ብሎ ያነሳዋል» አለችኝ። የሹዋራ ሥራ ቀላል ነው፣ ሠራተኛውም ተመችቶታል ማለቴ አይደለም፤ ያን ሽማግሌ ጉልበቱን አይቼዋለሁ። ግን ከዚያ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ሙያውን መደበቅ አያስፈልገውም ይሆናል ብዬ ሳስብ ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ያዘኝ።

ከሱቁ ለእናቴ ቢጫ ባቡሽ ጫማ ገዛሁላት። ዋጋ አልተከራከርኩም።

ማታ ከበሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ቤት ቢሳራ በላን፤ የተከካ ባቄላ ነው፣ የወይራ ዘይትና ከሙን ተደርጎበት በትኩስ ዳቦ ይበላል። የእኛን ሹሮ የሚያስናፍቅ ምግብ ነው። ሻዩ ሲመጣ ስልኬን አውጥቼ እናቴ ጋር ደወልኩ። ጓደኞቼ ሊነሱ ሲሉ እጄን አንስቼ አስቀመጥኳቸው፤ ድምፁንም ከፈትኩት።

«እማዬ፣ አባባ ቆዳውን በምን ነበር የሚያለፉት?»

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።

«ማን አለ አጠገብህ?»

«ጓደኞቼ ናቸው። ሁሉም ያውቃሉ።»

እንደገና ዝም አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «በእምቧይ ነዋ» አለችኝ። «ፍሬውን እኛ ልጆቹ ነበርን የምንለቅመው። እሾሁ ይወጋናል። እሱ ይወቅጠዋል፣ በውስጥ በኩል እያሸ ይቀባዋል። ለቀዩ ደግሞ ቀንጠፋ ነበር...»

እኔ ሌላ አልጠየቅኋትም፤ እሷ ናት የቀጠለችው። ሐኪሙ ብዕር አውጥቶ በሻይ ቤቱ ወረቀት ላይ የዕፅዋቱን ስም አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረ።