የሰፉት በሬዎች

ሥራዬ ፕሮጀክተርና ድምፅ ማከራየት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃት ወይም ስብሰባ ካለ፣ እኔ ወይም እንደ እኔ ያለ አንዱ ጥግ ላይ ገመድ ሲጎትት አታጡትም። ሲኒማ ሲባል የማውቀው ኮሜዲ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። «ጣና ዳር አርባ ወንበር ያላት አዳራሽ አለችን። ሌላ ቦታ የማይታዩ ፊልሞች እናሳያለን። ፕሮጀክተራችን ተቃጥሎብን ነው።» ሌላ ቦታ የማይታየውን ማን ሊያየው ነው ብዬ በሆዴ እየሳቅኩ ሄድኩ።

ፊልሙ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነበር። ልጅቷ አስቀድማ ጥቂት ተናገረች። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ አሜሪካ ተማሪ ሳለ መጥቶ፣ በአብዮቱ ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው የቀረፀው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ይህን ስትል እኔ በሩን አየሁ።

ተጀመረ። ምስሉ መሃል ላይ ቁጭ አለ፤ ግራና ቀኙ ጨለማ። ለእኔ ይሄ ብልሽት ነው። ሠርግ ላይ ስክሪኑ ካልሞላ የሙሽራው አጎት መጥቶ ይጮህብሃል። ማንንም ሳልጠይቅ ሪሞቱን አንስቼ ሞላሁት። ከዚያ በር ላይ ወጥቼ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም ምንም አላለም። የተማረው ሁሉ አገጩን ይዞ ያያል። ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ የቆሙት ጥበቃ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ በሬ ምን በልቶ ነው እንዲህ የሰፋው?»

«ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልምስ ቢሆን! አርሼ ነው ያደግሁ። ሰውየው ጭሰኛ ነው ትላላችሁ፤ ፊቱ ግን ድፎ ዳቦ አክሏል።»

ገብቼ አየሁ። ላብ አሰመጠኝ። ፊልሙ የተሠራው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ነው፤ የምስሉ ወርድ ለቁመቱ 4 ለ 3። እኔ ወደ 16 ለ 9 ስወጥረው ሁሉም ነገር በሲሶ ወደ ጎን ሰፍቷል። በሬው፣ ቀንበሩ፣ የገበሬው ጉንጭ ሳይቀር።

ለልጅቷ በጆሮዋ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አቆመችው፤ መብራት አስበራችና «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ከመጀመሪያው እንየው» አለች። የእኛ አለች እንጂ የእሱ አላለችም። እኔን ያሳፈረኝ ይሄኛው ነው። አንድ ሰው ብቻ ባጃጅ እንዳያመልጠው ወጣ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ስንት ዓመት ሳሳይ የኖርኩትን ነገር ቁጭ ብዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሰዎቹ ወደ ራሳቸው መልክ ሲመለሱ ከሲታነታቸው ታየ። ጥበቃው አጠገቤ ተቀምጠው ሞፈሩንም ዕርፉንም እያመለከቱ ያስረዱኛል። «አያያዙን እይ፣ ይሄ ለፊልም ብሎ የጨበጠ እጅ አይደለም» አሉኝ። ከኋላ «እሽሽ!» ተባልን።

ስንጨርስ መሽቶ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ቀዝቅዞ ነበር። ልጅቷ የተዋዋልነውን ሙሉውን ከፈለችኝ። ግማሹን ልመልስ ብል እምቢ አለች። በሚቀጥለው ወር በነፃ ሠራሁላቸው። ያን ቀን ሪሞቱን ከመንካቴ በፊት ጠየቅኳት።

ጥበቃው አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሰላምታ በፊት የሚሉት አንድ ነው፦ «በሬዎቹ ደኅና ናቸው? ዛሬስ አልሰፉም?»