የግልገል ጊቤ ውኃና የጅማ ማሳ

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ አሰንዳቦ አካባቢ የግልገል ጊቤን ወንዝ ይሻገራል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ደፍርሶ፣ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ያ ቅላት ከላይ ካሉት ማሳዎች ታጥቦ የመጣ አፈር ነው፤ መድረሻውም የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ነው። የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ለአካባቢ ስላለባቸው ኃላፊነት ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበኝ ይህ አፈር ነው።

በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከተርባይኖቹ የወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ዋሻ አልፎ 420 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን ግልገል ጊቤ ሁለትን ስለሚያንቀሳቅስ፣ ለሁለተኛው ጣቢያ ሌላ ትልቅ ሐይቅ ማቆርና ሌላ የእርሻ መሬት በውኃ ማስዋጥ አላስፈለገም። አንዱን ውኃ ሁለት ጊዜ ማሠራት በእኔ እምነት እጅግ የሚያስመሰግን ቁጠባ ነው። ይሁን እንጂ ሐይቁ በደለል በሞላ ቁጥር የሚጎዱት ሁለቱም ጣቢያዎች ናቸው።

በየክረምቱ የኤሌክትሪክ ድርጅቶቹ ሠራተኞች ችግኝ ሲተክሉ እናያለን፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ከሐይቁ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከንና በእርከኑ ጠርዝ የሚተከል፣ ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዝ የቬቲቨር ሣር ለግድቡ ዕድሜ የሚሰጠውን ጥቅም፣ በቢሮ ግቢ ውስጥ የሚተከል ችግኝ አይሰጥም።

በቤት ውስጥ ያለው ቁጠባም ከዚሁ ውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ባለ 100 ዋት አምፖሎችን ኃይል ቆጣቢ በሆኑት የመተካቱ ዘመቻ ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን በቤታችን ብዙ ኃይል የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ሊወስድ ይችላል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይደርስ ምጣዱን አለማጋል፣ አንዴ ከጋለ ደግሞ የሳምንቱን እንጀራ በተከታታይ ጋግሮ መጨረስና የመጨረሻዎቹን ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ግለት ማውጣት፣ እናቶቻችን በልምድ የሚያውቁት ዘዴ ነው። ጋገራው ሁሉም ሰው መብራት ከሚያበራበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ባይሆን ደግሞ በመስመሩና በትራንስፎርመሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ያደረገው የ2011 ዓ.ም. የታሪፍ ማሻሻያም ቁጠባን የሚያበረታታ ስለሆነ እደግፈዋለሁ።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የማመንጨቱ ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የሽያጩ ሥራ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ግድቡን የሚያስተዳድረው ተቋምና ከደንበኛው ገንዘብ የሚሰበስበው ተቋም የተለያዩ በመሆናቸው፣ ከላይ ያለው ገበሬ በመካከል እንዳይረሳ እሰጋለሁ። እርከን መሥራትና ሣር መትከል ከጠባብ ማሳው ላይ መሬት ይወስድበታል፤ ጥቅሙ ግን በአብዛኛው መብራት ለምናበራው ለእኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተቋማት ከምንከፍለው ሒሳብ ላይ ጥቂት ሳንቲም ለይተው፣ አፈሩን በማሳው ላይ ለሚያስቀር ገበሬ በየዓመቱ ቢከፍሉ፣ እኔ የድርሻዬን ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ።