ድጋሚ የሚቆላው የማን ቡና ነው?

ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የቅምሻ ክፍል መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ናሙና የምትቆላው ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ናት። ዋናው ቀማሽ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በቡና የጨረሱ ሰው ናቸው። በገንዘብ የሚገዙ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩ የሌብነት እንዳይመስል ነው።

ሥራው ሥርዓት አለው። ለእያንዳንዱ ናሙና 5 ስኒ ይቀርባል። በ8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ፍል ውሃ ይፈስበታል፤ 4 ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ ከላይ የሰፈፈው በማንኪያ ይሰበርና ይሸተታል፤ በረድ ሲል ይቀመሳል። ስኒው የበዛው አንድ የተበላሸ ፍሬ አንዱን ስኒ ብቻ ሊያበላሽ ስለሚችል ነው። ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ደረጃ ያለው ቡና ይባላል። ናሙናው በኮድ ነው የሚቀርበው፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ነው። እንዲህ ከሆነ አድልዎ በየት በኩል ይገባል?

ያን ጥር ከጎማ ወረዳ በኩል የሚያቀርብ የቆየ ደንበኛ ነበረን። ሌሎቹ ደግሞ አዲስ የገበሬዎች ቡድን ናቸው፤ ያልታጠበ፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ነው የሚያመጡት። የጅማ ያልታጠበ ቡና «አፈር አፈር ይላል» የሚል የቆየ ስም አለው። ምክንያቱም ይታወቃል፦ መሬት ላይ የተሰጣ ቡና የአፈር ጣዕም ይይዛል። እነዚህ ሰዎች ግን ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጡ ነበር የሚያደርቁት። ስም ቶሎ አይለቅም።

የነባሩ ደንበኛ ናሙና 78 አገኘ። ኮዱ ሲከፈት ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ የአቆላል ችግር ነው፤ ድገሚው» አሏት። የተቆላ ናሙና ከመቀመሱ በፊት ቢያንስ 8 ሰዓት ማረፍ ስላለበት ሥራው ለማግስቱ ተላለፈ። ሲደገም 81 ሆነ። ሁሉም ደስ አለው።

በዚያው ሳምንት የአዲሶቹ 79 መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄንንስ ልድገመው?» አለች ልጅቷ።

«ምን ያደርጋል የኔ ልጅ፣ ያው የታወቀ ጣዕም ነው።»

አልተከራከረችም። እኔ ዘንድ መጥታ መዝገቡን ጠየቀችኝ። «ይደገም» የተባሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ምልክት አደረግንባቸው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የነባሩ ደንበኛ ነበሩ። ከፍ ያለ ነጥብ አግኝቶ «እስቲ ይጣራ» የተባለ ግን አንድም አልነበረም።

እኔን የገረመኝ ሰበቡ ውሸት አለመሆኑ ነው። አቆላል በእርግጥም ቡና ያበላሻል። ዚቫ ኩንዳ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ያስረዳችው ይህንኑ ነው፦ ሰው የፈለገውን ሁሉ ዝም ብሎ አያምንም፤ ሌላውን ሰው ሊያሳምን የሚችል ምክንያት ይፈልጋል። ፍለጋው የሚጀመረው ግን ውጤቱ ሲያስከፋው ነው። ካስደሰተው ማን ምክንያት ይፈልጋል? ስለዚህ አድልዎውን ስኒው ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም ነበር። የተገኘው «ይደገም» የሚለው ዓምድ ውስጥ ነው።

ልጅቷ ከምሳ በኋላ ሌላ ሰው በሌለበት መዝገቡን ይዛ ጋሼ ዘንድ ገባች። ቁጭ ብዬ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ 79 የነባሩ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ድገሚው ይሉኝ ነበር?»

ጋሼ ብዙ ገጽ ገለጡ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። «እል ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሁለቱንም ድገሚ።»

የአዲሶቹ እዚያው 79 ላይ ቀረ። የነባሩም ሦስተኛ ሲቀመስ 79 ሆነ። አንዱን ስፔሻሊቲ ሌላውን ተራ ያደረገው እንግዲህ ያ ተጨማሪ ዕድል ነበር።

ጋሼ ራሳቸው ደንብ ጻፉ። ይደገም አይደገም የሚወሰነው ኮዱ ሳይከፈት ነው፤ መለኪያውም የተቆላው ቡና ቀለም፣ ከተቆላ በኋላ ያረፈበት ሰዓትና የ5ቱ ስኒ መለያየት ነው። ኮዱ ከተከፈተ በኋላ ድጋሚ የጠየቀ ሰው የሌሎቹንም የዚያን ቀን ናሙናዎች አብሮ ያስደግማል። ሥራ አስኪያጁ ጊዜ ይፈጃል ብለው አጉረመረሙ፤ ጋሼ አልተበገሩም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ያነሳችው ልጅቷ ናት። ልምድ ያለው ሰው ጥሬ ቡናውን በዓይኑ አይቶ ከየት እንደመጣ ይገምታል። ዓይን ደግሞ ምላስን ይመራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጥናት፣ ቦርዶ ውስጥ የወይን ጠጅ ሙያ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይን በቀይ ቀለም አቅልሞ ሲያቀርብላቸው፣ በቀይ ወይን ቃላት እንደገለጹት አሳይቷል። ስለዚህ አሁን ጥሬውን የሚያየው ሰው አይቀምስም፤ የሚቀምሰውም ጥሬውን አያይም።