ሐውልቱ ጋ እንገናኝ

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስማር ሞባይል እንደ ዛሬው በየሰው እጅ አልነበረም። ቀጠሯችን ሁሉ «ሐውልቱ ጋ» ነው። ጓደኛዬ ሁሌ ታረፍዳለች። እኔ እዚያው እሽከረከራለሁ፤ የታክሲ ረዳቶቹ «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያሉ ጆሮዬን ያደነቁሩታል። ያን ሁሉ ሰዓት ቆሜ ሐውልቱ የምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የአራት ኪሎ ሐውልት ነው፣ በቃ።

አንድ ዓመት የድል በዓል ዕለት አርበኞች መጡ። ጎፈር የደፉ፣ ደረታቸውን ኒሻን የሞላው። ፉከራው ሲበርድ አንዱ ሽማግሌ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ከጫማቸው ማሰሪያ ጋር ይታገላሉ።

«አባባ፣ ልሰርልዎት?»

እግራቸውን ዘረጉልኝ። «ተማሪ ነሽ? ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ጣሊያን የወጣበት።»

«የገባበትም ነው!» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው።

እውነቱን ለመናገር፣ እርጅና ነው ብዬ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳይ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ከተማዋ የገቡት ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። የአደባባዩም ስም ሚያዝያ 27 ነው።

ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው እንኳ ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበር። ደርግ በዓሉን ወደዚያ ያዞረው ለዚህ ነው፤ ንጉሡ የገቡበትን ቀን ማክበር አልዋጥለት አለ። በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ለደርግ አዝኜ አላውቅም፣ ግን በዚህ ላይ ትንሽ ነጥብ ነበረው። ቢሆንም መጋቢት 28 መውጣቱን ብቻ ነው የሚነግረን። ሽማግሌውን ያስቆጣቸው መግባቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ ስወጣ የየካቲት 12ን ሐውልትም ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። በ1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ፣ ጣሊያኖቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡን የፈጁበት ነው። ሁለቱ ሐውልቶች የእግር መንገድ ናቸው። እኛ ግን የምናውቃቸው በኪሎ ነው።

በቀደም ያቺው አርፋጅ ጓደኛዬ ደወለች። «የት እንገናኝ?»

«ሚያዝያ 27 አደባባይ።»

«እሱ ደሞ የት ነው?»