ባሕር ዳር ላይ ምርጥ የዓሣ ጥብስ ፍለጋ

ባሕር ዳር ውስጥ «ጥሩ ዓሣ ጥብስ የት ልብላ?» ብላችሁ አንድ ሰው ጠይቁ፤ ሦስት ሰው ይመልስላችኋል። የባጃጅ ሾፌሩ ሐይቁ ዳር ያለውን ቤት ይጠቁማል። አጠገቡ የቆመው ጓደኛው «እሱማ ድሮ ቀረ» ይልና ሌላ ሰፈር ይልካችኋል። ሻይ የምታፈላዋ እህት ደግሞ ሁለቱንም ሰምታ ራሷን ትነቀንቃለች፤ የእሷ ምርጫ ሌላ ነው። እኔም የሁሉንም ምክር ይዤ ከከተማው መሃል እስከ ዘጌ፣ ከዚያም በጎንደር መንገድ እስከ ወረታ ድረስ ዓሣ እየበላሁ ሰነበትኩ። ቅመሙንም፣ የቤቱንም ስም፣ የሐይቁንም እይታ አየሁ። ሁሉንም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፦ ዓሣው ከመረብ ወጥቶ መጥበሻ ላይ እስኪወድቅ ያለፈው ሰዓት።

ስለዚህ ወሬውን ከማለዳው ማራገፊያ ልጀምርላችሁ።

ጣና ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መረባቸውን አመሻሽ ላይ ይጥሉታል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ ንጋት ላይ ይሳባል። ፀሐይዋ በደንብ ሳትወጣ ከደረሳችሁ ጀልባውም ታንኳውም ሲገባ ታያላችሁ። ታንኳው የደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ይዘው የቆዩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ የተስፋፋው በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረ የዓሣ ልማት ፕሮጀክት ነው። ከዚያ በፊት ዓሣ የሚወጣው በታንኳ፣ ከዳርቻው ብዙም ሳይራቅ ነበር። ባሕር ዳር ስለ ዓሣዋ ስታወራ የእነዚህን ሰዎች ስም ማስቀደም ያለባት ይመስለኛል። ከተማው ዛሬ ወረፋ ይዞ የሚበላውን ለዘመናት ሲያወጡ የኖሩት እነሱ ናቸው።

ማራገፊያው ላይ አንድ አባት ዓሣቸውን ላስቲክ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ይሄ የዛሬ ነው?»

«ልጄ፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ዓይኑን እየው!»

አየሁት። ዓይኑ የጠራና ጎላ ያለ ነው። ቀጥለው ጉንጩን በአውራ ጣታቸው ከፈት አድርገው መተንፈሻውን አሳዩኝ፤ ደማቅ ቀይ ነው። ከዚያ ጎኑን ጫን አሉትና ጣታቸውን አነሱ። ሥጋው ወዲያው ተመልሶ ሞላ። «የቆየ ዓሣ ጣትህ የነካው ቦታ ጎድጉዶ ይቀራል» አሉኝ። ዓይን፣ ጉንጭ፣ ጎን። ይህን ትምህርት ከያዛችሁ በኋላ የትም ቤት ስትገቡ «ሳትጠብሱት በፊት ላየው» ማለት ትችላላችሁ። ጥሩ ቤት ቅር አይለውም፤ እንዲያውም አንስቶ ያሳያችኋል።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ሐይቅ ወጥቶ ገበታ ላይ የሚቀርበው ዓሣ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። ቆሮሶ አለ፤ ቴላፒያ የሚባለው፣ ጠፍጣፋና ለጥብስ የተፈጠረ የሚመስለው። አምባዛ አለ፤ ጢማሙ፣ ቅርፊት የሌለው። ነጭ ዓሣ ደግሞ አለ፤ የጣና የራሱ ልጅ። ስለ እሱ ብዙ የምለው ስላለኝ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከተማው መሃልና ሐይቁ ዳር ባሉት ትልልቅ ቤቶች ብዙ አልቆይም። እይታቸው ያምራል። ማታ ላይ ንፋሱ ደስ ይላል። ዓሣ ኮተሌታቸውም ልጆች ይወዱታል፤ አጥንት የለበትም፣ በዳቦ ዱቄት ተለብጦ ነው የሚመጣው። አንዱ ጋ ግን ያዘዝኩት ጥብስ ከውጭ ጠቁሮ፣ ከውስጥ ደግሞ ውሃ ቋጥሮ መጣ። በረዶ ሆኖ የከረመ ዓሣ እንዲህ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ሥጋው ውስጥ ይቀርና ዘይቱን ያበርደዋል። የዚያን ቀን ከሰሃኑ የተረፈው ከበላሁት ይበዛ ነበር። ከትልልቆቹ ቤቶች ዓሣ ዱለታቸውን ግን አመሰግናለሁ። ዓሣው ደቆ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ለብ ብሎ ሲመጣ ለቁርስ የሚስተካከለው የለም።

አሁን ወደ ዋናው።

ከማራገፊያው ብዙም ሳይርቅ በቆርቆሮ የታጠረች ቤት አለች። ሰሌዳ የላትም። ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ትልቅ የብረት ድስት፣ ከሥሩ የእንጨት እሳት። ይኸው ነው። የቤቱ እናት ጠዋት በእጃቸው መርጠው ያልገዙትን አይጠብሱም። ፍሪጅም የላቸውም። ያ ቀን የያዙት ሲያልቅ «አልቋል፣ ነገ ና» ነው መልሳቸው፤ ባለሥልጣንም ቢመጣ።

ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ በቢላ ይፍቁታል። ሆዱን አውጥተው በብዙ ውሃ ያጥቡታል። ቀጥሎ ያለው ነው ሙያው። ከራሱ ጀምረው እስከ ጭራው ድረስ፣ ከጣት በጠበበ ርቀት፣ ቢላውን ጎኑ ላይ አጥንት እስኪነካ ያሳርፉታል። በአንዱም ጎን፣ በሌላውም ጎን። ትንንሹ አጥንት በዚያ ይቆራረጣል፤ ዘይቱም እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ከዚያ ጨው ብቻ ይታሻል።

«እትዬ፣ ዱቄት አይነሰነስበትም?» አልኳቸው።

«ምን ሊሠራለት? ዱቄት ያረጀ ዓሣ መሸፈኛ ነው» አሉኝ።

ዘይቱ መጋሉን የሚያውቁት ቁራጭ ሽንኩርት ጣል አድርገው ነው። ሽንኩርቱ እየተንጨረጨረ ብቅ ሲል ዓሣውን በጭራው ይዘው በቀስታ ይለቁታል። መጀመሪያ ድስቱ እንደ ክረምት ዝናብ ያለ ጩኸት ያሰማል፤ አረፋው እስከ አፉ ይሞላል። ያ ውሃው ሲወጣ ነው። እየቆየ አረፋው ይሳሳል፣ ድምፁም ይረጋል። እትዬ ሰዓት አያዩም፤ የሚጠብሱት በጆሯቸው ነው። ድምፁ ሊጠፋ ሲል ያወጡታል። አንድ ትንፋሽ ቢዘገይ ይደርቃል።

እንጀራ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ሲመጣ የተሸነተረው ሥጋ ተበትኖ ቆሟል። ጫፉ ቡናማ፣ ሥሩ ነጭ። ሎሚ ጨመቅ ታደርጉበታላችሁ። አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣት ሳብ ስታደርጉት ሙሉውን ከአጥንቱ ይለቃል። አዋዜም ሚጥሚጣም ይቀርባል፤ እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች በሎሚና በጨው ብቻ ብሉ እላለሁ። ጣዕሙ ጣፈጥ ይላል፤ በርበሬ ከቀደመው አይሰማም። የጭራውን ክንፍ እንዳትጥሉት፤ እንደ ቆሎ የሚቆረጠም እሱ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የዓሣ ጥብስ አልበላሁም።

በጾም ወቅት ግን ይህች ቤት መግቢያ የላትም። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህም የጦፈ ነው። አባቶች አይበላም ይላሉ። ገበያው ግን የሚደራው ያኔ ነው፤ ከማለዳው ወረፋ ካልያዛችሁ ድስቱ ጋ አትደርሱም።

አሁን ነጭ ዓሣ።

ቢልጫ የሚሉትም አሉ። ብዙ ሰው አጥንቱን ይፈራል፤ እውነትም ሥጋው ውስጥ የተበተነ ቀጭን አጥንት አለው። ለዚህ ነው ምግብ ቤቶች ቆሮሶን የሚያስቀድሙት። እኔ ግን ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ነጭ ዓሣ ሳይቀምሱ መመለስ ይቆጨኛል። ቆሮሶ ሐዋሳም፣ ዝዋይም፣ አርባ ምንጭም አለ። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ ውጭ በዓለም ላይ የሉም። ሳይንቲስቶች ቢያንስ 15 የተለያዩ ዝርያዎችን ለይተዋል። ምክንያቱ ጢስ ዓባይ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ 40 ሜትር የሚወረወረው ፏፏቴ ለዓሣ የማይወጣ ግድግዳ ሆነ። የላይኛው ዓሣ ከታችኛው ተለይቶ በራሱ መንገድ ተለወጠ። ከእነዚህ መካከል 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ አገጫቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር። ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው።

ይህ ዓሣ እየጠፋ ነው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ብቻ የሚያዘው መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆለቆለ። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል። አጥማጁም ይህን ያውቃልና የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። እንቁላሉን ሳይጥል የተያዘ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም፤ የከርሞው ገበታ አብሮ ነው የሚሄደው። አጥማጁን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ ገዢ ስላለ ነው የሚያጠምደው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ አላዝም። ከጥር በኋላ ሳገኝ ደግሞ እትዬን «እሱን ጥብስ ብለው ያድርቁልኝ» እላለሁ። በጥቅጥቅ የተሸነተረ ነጭ ዓሣ በደንብ ሲደርቅ ቀጫጭኑ አጥንት አብሮ ይፈረካከሳል። ሥጋው ከቆሮሶ ጠንከር፣ ወፈር ያለ ነው።

ዘጌ በጀልባ ሄድኩ። ጠዋት ሐይቁ የተኛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳልና በጊዜ ውጡ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሜ ወርጄ ዳርቻው ላይ ዓሣ ወጥ በላሁ። ስለ ወጡ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዘይት በዝቶበታል። ከወጡ በኋላ የመጣው የዘጌ ቡና ግን እዚያው ጫካ ውስጥ፣ በጥላ ሥር የበቀለ ነው። ዘጌ የምሄደው ለቡናው ነው፤ ዓሣውን ከተማ እበላለሁ።

በጎንደር መንገድ ያለው ጉዞ ግን ያላሰብኩትን ሰጠኝ። ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ድልድይ ስትሻገሩ ሜዳው ይከፈታል። ፎገራ ነው፤ የሩዝ አገር። የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ በዚህ በኩል ነው። እንቦጭ ክፉኛ ያጠቃውም ይህን ወገን ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ አረም ነው፤ አጥማጆቹ መረባቸው ከዓሣ ይልቅ አረም ይዞባቸው እንደሚመለስ ነገሩኝ። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያለውን ድካም አይቶ ማለፍ ይከብዳል።

ወረታ መናኸሪያው አካባቢ አንዲት ልጅ ምሳ ቤት ከፍታለች። «እታለም፣ ዓሣ አለ?» ስላት «አምባዛ ወጥ ብቻ ነው ያለው፤ ትበላለህ?» አለችኝ። የጠየቀችኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛ የማይቀምሱ ብዙ ክርስቲያኖች አሉ። እበላለሁ አልኳት።

ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው በደረቁ ቁሌት ተቁላልቶ፣ በርበሬው በስሎ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበታል። አምባዛው በትልልቁ ተቆርጦ መጨረሻ ላይ ነው የተጨመረው። አምባዛ ስብ አለው። ቆሮሶ ወጥ ውስጥ ሲቆይ ይፈራርሳል፤ አምባዛ ግን ቅርጹን ይዞ ስቡን ለወጡ ይሰጣል። አጥንቱም መሃል ላይ ያለው አንድ ወፍራም ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እንጀራው ደግሞ ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት ነው። ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ የፎገራ ሰው በየቀኑ የሚበላው። ቀዩን ወጥ ሲጠጣ ቶሎ አይበሰብስም። ትሪውን ጠርጌ ሁለተኛ አስጨመርኩ።

ልጅቷ አምባዛውን የምታገኘው ማለዳ ከሐይቁ ዳር በሞተር ሳይክል ከሚያመጣላት ልጅ ነው። ድስቷ አንድ ነው፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይወርዳል፣ 8 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከባሕር ዳር ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 3 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ከያዛችሁ ምሳው ሳያልቅ ትደርሳላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን እትዬ ጋ ጎራ ብላችሁ አንድ ቆሮሶ ቁርስ አድርጉ፤ እሳቸው ከ1 ሰዓት ጀምሮ እሳት ላይ ናቸው።