«ፕራይመር አያስፈልገውም» የሚለውን ጣሳ አምኜ ኮርኒስ ስቀባ

ኮርኒሱን ራሱ ለመቀባት ያሰበ ሰው የቀለም ጣሳ ላይ «ፕራይመር አያስፈልገውም» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝ እንዳያምነው እመክራለሁ። ፕራይመር ማለት ቀለሙ ገጹን አጥብቆ እንዲይዝ ከቀለሙ በፊት የሚቀባ የመሠረት ቅብ ነው። ጽሑፉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ የተጻፈው ንጹሕ፣ ደረቅና ጠንካራ ለሆነ ገጽ ነው፤ ዓመታት ያስቆጠረ ኮርኒስ ግን ከሦስቱ አንዱን እንኳ ላያሟላ ይችላል። የመኝታ ቤቴን ኮርኒስ በገዛ እጄ ቀብቼ ዛሬ ቀና ብዬ ሳየው ደስ ቢለኝም፣ ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ ያደረብኝ ብስጭት እስካሁን አልወጣልኝም።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ዕቃውን አወጣሁ፣ የማይወጣውን መሀል ላይ ሰብስቤ በላስቲክ ሸፈንሁ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ ክዳኑን ፈታሁ፣ የሸረሪት ድሩን ጠረግሁ፣ ስንጥቆቹን በስቱኮ ሞልቼ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። የመጀመሪያው ዙር ቀለምም ያለ ችግር ተቀባ፤ እንዲያውም ለሥራው ባለሙያ ያለመጥራቴ አኩርቶኝ ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ግን ሮለሩ ቀለም መስጠቱን ትቶ መውሰድ ጀመረ። መጀመሪያ ጥፍር የምታክል ቅርፊት ተነሥታ ሮለሩ ላይ ተጠቀለለች፤ ወዲያው መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ተከተላት፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ወደ እኔ እያዘቀዘቀ ይገሸለጥ ጀመር። ከወደቁት ቁርጥራጮች አንዱን ገልብጬ ብመለከተው ጀርባው በሙሉ ነጭ ዱቄት ለብሷል። የመገሸለጡ ምክንያት ያ ዱቄት ነበር። ከሥር ያለው አሮጌ ቅብ ኖራ መሰል፣ ማጣበቂያው እጅግ ያነሰ ቅብ ስለሆነ፣ አዲሱ ቀለም የያዘው ኮርኒሱን ሳይሆን አቧራውን ነው። ሁለተኛው ዙር ይዞት የመጣው ውኃ በመጀመሪያው ዙር አልፎ ያንን አቧራ ሲያርሰው፣ የሮለሩ መሳብ ብቻውን ሁሉንም ለማንሣት በቂ ሆነ።

ቀለሙን ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄጄ ነገሩን ባስረዳው «ወፈር አድርጎ መድገም ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም» አለኝ። ከዚህ የከፋ ምክር ሊኖር አይችልም፤ የወፈረ ቀለም የበለጠ ክብደትና የበለጠ ውኃ ነውና። አጥብቄ ስጠይቀው ጣሳውን አዙሮ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን «ገጹ ከሚረግፍ ነገር የጸዳ መሆን አለበት» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። ከፊት በጉልህ ፊደል የተሰጠ ተስፋ ከኋላ በደቃቅ ፊደል እንዲሻር ማን እንደፈቀደ ዛሬም አይገባኝም። ቀለሙን ስገዛ ኮርኒሱ ከዚህ ቀደም በምን እንደተቀባ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቀኝ፣ ጥፋቱን ወደ ገጹ ማዞሩ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ያለው መፍትሔ ሁሉንም ማንሣት ነበር። ኮርኒሱን በትንሽ በትንሹ በውኃ እያረጠብሁ በሰፊ ስፓቱላ ፋቅሁት። ደረቁን ከመፋቅ እርጥቡን መፋቅ ይሻላል፤ አቧራው ይቀንሳል፤ በአሮጌ ቤቶች የሚገኝ የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ደግሞ ብናኙን መተንፈስ ጨርሶ አይገባም። የተረፈውን ዱቄት በለብ ያለ ውኃና በስፖንጅ አጠብሁ፤ ባልዲው ቶሎ ቶሎ ወተት እየመሰለ ስለሚያስቸግር ውኃው ሳይደፈርስ እስኪቀር ድረስ መለዋወጥ የግድ ነው። ክንድ የሚያዝለው፣ አንገት የሚያደርቀውና ውኃው በብብት የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ሲደርቅ መስኮቶቹን ከፍቼ የዘይት ፕራይመር ቀባሁ፤ ቀለሙን የመለስሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ኮርኒሱ በደረቅ ጥቁር ጨርቅ ሲታሽ ነጭ ዱቄት ከተወ፣ ጣሳው የፈለገውን ይበል፣ ፕራይመር ያስፈልጋል። የሚጠራጠር ሰው አንድ ጥግ ቀብቶ በደንብ ካደረቀ በኋላ በምላጭ ጫር አድርጎ ፕላስተር ለጥፎበት በኃይል ይንቀል፤ ቀለሙ አብሮ ከመጣ መልሱን አግኝቷል። ቡናማ የውኃ እድፍም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የሚያፈሰው ቦታ ይደፈናል፣ ከዚያም እድፉ በዘይት ፕራይመር ይታፈናል፤ የውኃ ቀለም ብቻ ቢደራረብበት እድፉ እየሟሟ እንደገና ብቅ ይላል።

ስለ አቀባቡ የተለመደው መመሪያ የክፍሉን ዙሪያ ጠርዝ በሙሉ በብሩሽ ከጨረሱ በኋላ ወደ ሮለር መሄድን ያዛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጠርዙ ቀድሞ ስለሚደርቅ ዙሪያውን እንደ ክፈፍ ተለይቶ ይታያል፤ አንድ ወይም ሁለት ሜትር በብሩሽ ይዞ ወዲያው በሮለር መከተል የተሻለ ነው። ፀጉሩ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮለር በረጅም ዘንግ ላይ ተሰክቶ ከመሰላል ያድናል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም የስቱኮውን ጠባሳ ሁሉ ያጋልጣል። የመጨረሻው ጉተታ ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ይሁን፤ መድረቅ የጀመረውን ቦታ ተመልሶ መንካት ደግሞ ምልክት ይተዋል። ሲደርቅ ያልተሸፈነ ቦታ ከታየ ያንን ብቻ መነካካት ስለሚያዥጎረጉረው፣ ከመስኮቱ ጀምሮ እስከ ተቃራኒው ግድግዳ ያለውን ሙሉ መስመር መድገም ይሻላል።