ሥጋው የማን ነው?

ደሴ ላይ ምግብ ቤት ገብቶ ቀጥታ ሜኑ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ ነው። የአገሩ ሰው ገና ሳይቀመጥ «ሥጋው የማን ነው?» ይላል። ያረደው ሙስሊም ነው ወይስ ክርስቲያን ማለቱ ነው። መልሱን ሰምቶ ወይ ይቀመጣል፣ ወይ አመስግኖ ይወጣል። ጠያቂም ተጠያቂም ቅር አይላቸውም።

እኔ ሱፐርቫይዘር ሆኜ የምሠራበት ቤት ግን ሜኑው የተዘጋጀው አዲስ አበባ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው የባህል ምግብ ቤት ነው። መሶቡ፣ በርጩማው፣ የአስተናጋጆቹ ጥልፍ ቀሚስ፣ የእጅ ማስታጠቢያው ሳይቀር ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው ግድግዳው ብቻ ነው። የእኛ ግድግዳ ላይ የጦሳ ተራራና የአይጠየፍ አዳራሽ ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ሜኑው መሐል ገጽ ላይ ደግሞ «የወሎ አንድነት ገበታ» የሚባል ኮምቦ አለ። ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጥብስ፣ አይብና ጎመን በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ይቀርባል። ፎቶው ላይ የሙስሊም ቆብ ያደረጉ ሽማግሌና ማተብ ያሰሩ እናት ከአንዱ ትሪ ሥጋ ይጎርሳሉ። ፎቶው ያምራል። የወሎ ሰው ሲያየው ግን መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ሜኑውን ይዘጋል።

ወደ ላሊበላ ለሚያልፍ መንገደኛ ኮምቦው ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተቀምጦ የመጣ ሰው የቀረበለትን ይበላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይተኛል። የእሱ ቅሬታ ሌላ ነው። በርጩማው ጉልበቱን ያመዋል። በረንዳው ይበርደዋል። በረንዳውን የነደፈው ሰው ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን የነገረው ያለ አይመስለኝም። ጉም ሲወርድ ለእንግዳ ጋቢ እናከፋፍላለን። እንግዳው ጋቢውም የዝግጅቱ አካል ይመስለውና ደስ ይለዋል።

ከባዱ የአገሩ ደንበኛ ነው። አንድ ማታ ከዋናው ቢሮ የተላከልን ሙዚቀኛ ባቲ ተጠይቆ ትዝታ ተጫወተ። ጠያቂው ሰውዬ ቢራውን አስቀምጦ «ወንድሜ፣ ይሄን እኮ እኛ ቤት ሕፃን ይለየዋል» አለው። ባቲም አምባሰልም እዚሁ ደጃችን ናቸው። ወሎ ላይ ቅኝት ማምታታት አይሆንም።

ወደ ገጠመኙ ልምጣ። ጥር ነው፣ ሠርግ በሠርግ የሆነበት ሰሞን። ቅዳሜ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰፊ ቤተሰብ ገባ። ለሠርግ ከአዲስ አበባና ከውጭ የመጡ ናቸው፤ በሠርጉ ማግሥት ሐይቅ ደርሰው ሲመለሱ ነው። ርቧቸዋል። ከውጭ የመጣው ልጅ ሜኑውን ገልጦ «አንድነት ገበታ ሁለት» ብሎ አዘዘ። አስተናጋጁ ከአዲስ አበባ ቅርንጫፍ በቅርቡ የተዛወረ ልጅ ነው። ቀልጣፋ ነው፣ ግን ለከተማው አዲስ ነው።

ጥግ ላይ የተቀመጡ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ጠሩት።

«ሥጋው የማን ነው ልጄ?»

«የድርጅቱ ነው እናቴ።»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግራ ገባው።

«አይ፣ አራጁ ማን ነው ለማለት ነው።»

«ቄራ ነው እናቴ። በደረሰኝ ነው የሚገባው።»

አሁንም ሳቁ። እኔን ጠራኝ። ሥጋችን የክርስቲያን ነበር፤ ነገርኳቸው። ቤተሰቡ ደግሞ ወሎ ላይ እንደሚያጋጥመው ነው። ከአንድ አያት ወርዶ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን። አስተናጋጁ ሥልጠና ላይ በተማረው መሠረት መፍትሔ አቀረበ። ሥጋ ለማይበሉት ሌላ ጠረጴዛ ይዘጋጅላቸውና ሽሮ ይምጣላቸው አለ። በእሱ ቤት ማክበሩ ነው።

አሮጊቷ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ነጠላ የለበሱ ሴት ዞሩ። የአክስት ልጃቸው ናቸው። «እኔና እሷ ስንተያይ ስንት ዓመታችን ነው? ለየብቻ ልንበላ ነው እንዴ የመጣነው?» አሉ። የአክስታቸው ልጅም «እሷ የማትበላውን እኔም አልበላም፣ ሥጋውን ተወው» አሉ። ልጁ ያዘዘውን ሰረዘ።

ዋናው ቢሮ ያልገባው ይሄ ነው። ወሎ አብሮ የሚበላው ሥጋውን በመቀላቀል አይደለም፣ አጥርቶ በመለየት ነው። ሠርግ ያለበት ቤት ሄዳችሁ እዩ። ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፤ ድስቱም ወጥ ሠሪውም የየራሱ ነው። እንግዳው ሳይሳቀቅ የሚቀመጠው ያ ስለተጠበቀለት ነው። መለየቱ መራራቅ አይደለም፣ የመከባበር ሥራ ነው። ያን ሥራ ሳይሠሩ ትሪውን ብቻ አንድ ማድረግ እንግዳን ከማስነሳት በቀር ምንም አይጠቅምም።

በዚህ መሐል ግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንድ አባት ለልጅ ልጃቸው የአይጠየፍን ፎቶ እያሳዩ ነበር። «የዚህ አዳራሽ ጌታ ንጉሥ ሚካኤል መሐመድ አሊ ተብለው ነው የተወለዱት። ክርስትና የተነሡት በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ነው። ቦሩ ሜዳ እዚህ ጫፉ ላይ ነው፣ ነገ አሳይሃለሁ» ይሉታል። ልጁ ስልኩን ትቶ ያዳምጥ ነበር። እኔም ግማሽ ጆሮዬ እዚያ ነው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ዋናዋ ወጥ ሠሪያችንን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ነገሩን ሳልጨርስላቸው ፍሪጁን ከፈቱ። ለሠራተኛ ምሳ የተገዛ ቀረሶ የሚባለው የሐይቅ ዓሣ ነበር። ሠራተኛው ራሱ ድብልቅ ስለሆነ የእኛ ምሳ ወይ ሽሮ ነው ወይ ዓሣ። ዓሣ አራጅ አይጠየቅለትም። ሜኑው ላይ ግን ዓሣ የሚባል ነገር የለም፤ ዋናው ቢሮ ከባህል ምግብ ጋር አይሄድም ብሎ ትቶታል። እንግዶቹ የዓሣውን አገር አይተው ነው የመጡት፣ እኛ ደግሞ ዓሣውን ለራሳችን ደብቀን ተቀምጠናል።

እትዬ ዓሣውን ጎንና ጎኑን በቢላ ተለተሉት። ጨውና ሎሚ አሹት። ዘይቱን ከአዲስ ጀሪካን ቀዱ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረጉ። መጥበሻውን ይዘው ወደ አዳራሹ ወጡ፤ ለአሮጊቷ አዙረው አሳዩ። «ይቺ ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ ከዓሣ ሌላ አይጠበስባትም» አሏቸው። አሮጊቷ የመጥበሻውን ታች ሳይቀር አዩና «አብሽሪ እህቴ፣ አምኜሻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቀም። ዓሣው በሁለት ትሪ ቀረበ፣ ከአዋዜና ከቃሪያ ጋር። ሁለቱ ሴቶች እሾሁን እየለቀሙ ሲጎራረሱ አየሁ። አስተናጋጁ ለሦስተኛ ጊዜ እንጀራ ጨመረ።

ጣጣው ሒሳብ ላይ መጣ። ሲስተሙ ላይ ዓሣ የለም። የሌለ ምግብ ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ካሸሯ ተጨንቃ ተጨንቃ ዋጋው እስኪሞላ ድረስ ሽሮ መታች። ሰኞ ጠዋት ከዋናው ቢሮ ተደወለ። «አንድ ጠረጴዛ እንዴት ይሄን ሁሉ ሽሮ ይበላል?» አለ የሒሳብ ሰውዬው። ስነግረው ዝም አለ። ቀጥሎ «ዓሣውንስ ማን ፈቀደ?» አለ። እትዬ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው «የራበው ሰው» አሉት።

ከዚያ ኃላፊው ራሱ መጣ። ከሠራተኛው ጋር ምሳ በላ፤ እትዬ በግድ አስቀመጡት። ዓሣው ሜኑ ላይ ገባ፣ ሲስተሙም ላይ። ትንሽ ቆይቶ ከሙስሊም ሉካንዳም ሥጋ መቀበል ጀመርን። ወጥ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ፍሪጅ፣ ቢላ፣ መክተፊያና ድስት ሁሉ ለየብቻ ሆነ። እጀታዎቹ ላይ ቀይና አረንጓዴ ፕላስተር ተጠመጠመ። ወጪው ቀላል አይደለም፣ ኃላፊው እስካሁን ያነሳብኛል። ኮምቦው በሁለት ዓይነት ይቀርባል፤ አስተናጋጅ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት የትኛው የማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል። የሜኑው ፎቶ ግን አልተቀየረም። ቱሪስት ይወደዋል ብለው እንቢ አሉ።

ዓሣውም ቢሆን ሁሉን አልፈታም። ረቡዕና ዓርብ ሌላ ክርክር አለ። አንዱ ጿሚ ዓሣ ይበላል፣ ሌላው «ዓሣም ያው ፍስክ ነው» ይላል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙ ጊዜ ደግሞ ቀን ቀን ቤቱ ጭር አለ። ከዋናው ቢሮ ገቢው ለምን ወረደ ተብሎ ተደወለልን። እትዬ ያኔ ሥራውን ወደ ማታ አዞሩት። ተምር፣ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳ። ሳምቡሳው ሥጋም ቅቤም ስለሌለው የሚያፈጥረውም ዐቢይን የሚጾመውም እኩል ይገዛዋል። አሁን በዚያ ሰሞን ምስር የምንገዛው በኩንታል ነው።